ፋሻው ከተፈታ በኋላ

የዓይን ፋሻ የሚፈታ ዕለት ሰው አይጠፋም። አለቃው ይመጣል፣ ካሜራ የያዘው ይመጣል፣ ከአዲስ አበባ እንግዳ ካለ እሱም ይመጣል። እናት ታለቅሳለች፣ ሕፃኑ ብርሃኑ አስደንግጦት ይጮሃል፣ የቆመው ሁሉ ያጨበጭባል። ፎቶው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ያው ልጅ ከዓመታት በኋላ ለቀጠሮው ሲመጣ ግን የሚቀበለው ዘበኛው ነው፤ እሱም ካርድ አሳዩ ለማለት ነው። የእኔ ሥራ ከፋሻው በኋላ ስለነበር በአንዱም ፎቶ ውስጥ የለሁበትም። ቅር ብሎኛል ወይ? አዎ፣ ብሎኛል። ይህን የምጽፈውም ቅር ስላለኝ ነው።

ስሜ ላንቃሞ ነው። እዚሁ ሐዋሳ በአንድ የዓይን ሕክምና ክፍል መነፅር ሠሪ ነበርኩ። ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጣሁ። በመሸኛዬ ለስላሳ ተጠጣ፣ ንግግር ተደረገ፣ የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ። የሚሄድበት ለሌለው ሰው ሰዓት ምን ያደርግለታል? ሚስቴ ሳሎን ሰቀለችው፤ እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው እቀመጣለሁ። ስለ ደመወዜ አልጽፍም፤ ከጀመርኩ ሌላ ነገር ለመጻፍ ቦታ አይተርፈኝም።

ከገጠር ስመጣ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። መናኸሪያ ዕቃ ተሸከምኩ፣ ሲሚንቶ አቦካሁ፣ ከዚያ በሰው በሰው ዓይን ክፍሉ በጽዳት ቀጠረኝ። ሲዳምኛ ስለምናገር ከገጠር የመጡ እናቶችን እንዳስተረጉም ነርሶቹ ይጠሩኛል። መጥረጊያዬን አስደግፌ አስተረጉማለሁ፣ ስጨርስ መጥረጊያዬን አነሳለሁ። ፊደል ለማያውቅ ሰው የማየት ኃይል የሚለካበት ሰሌዳ አለ፤ ሦስት እግር ያለው ምልክት ተደርድሮበታል። በሽተኛው እግሩ ወዴት እንደዞረ በእጁ ያሳያል። ያንን ምልክት በዘንግ እየነካሁ ዓመታት ስጠይቅ ኖሬ፣ የፈረንጅ ፊደል መሆኑን የሰማሁት ማታ ትምህርት ገብቼ ነው። ማንበብ ስችል በመጀመሪያ ያነበብኩት የኦፕራሲዮን ክፍሉ በር ላይ የተለጠፈውን ነበር፤ ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው ይላል። ስንት ጊዜ እንደገባሁበት እግዜር ይወቀው።

ማታ ትምህርት ያስገባኝ ጋሽ ወንድሙ ነው። ከአዲስ አበባ ተዛውሮ የመጣ መነፅር ሠሪ ነበር፤ አጭር፣ ዝምተኛ፣ ኮቱ ኪስ ውስጥ ቆሎ የማይለየው። ክፍሉን ስጠርግ የወደቁትን የሌንስ ስብርባሪዎች በዓይነት በዓይነታቸው ለይቼ ሳስቀምጥ አየኝና በምን ለየሃቸው አለኝ። በመስኮቱ አልኩት። ሌንሱን ከፍ አድርጌ የመስኮቱን ብረት በእሱ ውስጥ አያለሁ፤ ወደ ግራ ስገፋው ብረቱ ወደ ቀኝ የሚሸሽ አንድ ዓይነት ነው፣ አብሮት የሚሄድ ሌላ ዓይነት ነው። ሳቀ። ይህ እሱም ተምሮ ያወቀው ዘዴ ነበር፤ እኔ አዲስ ነገር ያገኘሁ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ነበር። መጥረጊያውን ለሌላ ሰው አሰጠና ከጎኑ አስቀመጠኝ። ቁጥሩንና ምልክቱን ካላነበብክ ግን አንድ ቀን የአንዱን ዓይን ለሌላው ትሰጣለህ አለኝ። ፊደል የቆጠርኩት በዚህ ፍርሃት ነው።

አሁን ስለ ሥራው። አንዳንድ ሕፃን ዓይኑ ሳያድግ ይወለዳል። ትንሽ ናት፣ ወደ ውስጥ ገብታለች። በዚያ ላይ ብሌኑ ውስጥ ሞራ ይኖርባታል። ሐኪሙ ሞራውን ያወጣል። ለትልቅ ሰው ቢሆን በሞራው ምትክ ሰው ሠራሽ ሌንስ እዚያው ዓይን ውስጥ ይቀመጥለታል። ለእንዲህ ያለች ዓይን ግን በቂ ቦታ የለም። ስለዚህ ሌንሱ ውጭ፣ አፍንጫው ላይ ይቀመጣል።

ሕፃን ደግሞ አፍንጫ የለውም። አለው እንጂ ዕቃ የሚሸከም አይደለም። ሌንሱ መሐሉ እንደ ዳቦ ያበጠ፣ ከባድ ነው፤ ትክክለኛ ፍሬም ካልያዘው ተንሸራቶ ከንፈሩ ላይ ያርፋል። ለዚያ ዕድሜ የሚሆን ፍሬም በዚያን ጊዜ በገበያ የለም። ከተገኘው ፍሬም ሁሉ ትንሹን እንወስዳለን፣ መሐሉን ቆርጠን እናጠብበዋለን፣ ጆሮ ላይ የሚሄደውን ክንድ አሳጥረን ሰፊ ላስቲክ እንሰፋበታለን፤ ጠባብ ላስቲክ ቆዳ ይበላል። አንድ ላስቲክ በማጅራቱ፣ አንድ በአናቱ። ፍሬሙ የሚታጠፈው በሞቀ አሸዋ ነው። የሌንሱን ጠርዝ በድንጋይ እንስላለን፣ ከዚያ በእጅ ሞረድ፣ ከዚያ በጨርቅ። ጋሽ ወንድሙ ያለቀውን መነፅር መጀመሪያ ጉንጩ ላይ ያደርገዋል። ከሞቀ ይጠብቃል፣ ከቀዘቀዘ በመዳፉ ያሞቀዋል። ሕፃን በቀዝቃዛ ነገር ከተነካ መነፅሩን ዕድሜ ልኩን ይጠላል ባይ ነው። የሚያለቅስ ልጅም አይለካም፤ እናቱ ጡት ሰጥታ እስኪተኛ ቆሎውን እየቆረጠመ ይጠብቃል።

አንድ ሌላ ልማድ ነበረው። ዳነ፣ ዳነች የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም። እናት በመጣች ቁጥር ይጠይቃል፤ ዛሬ ምን አየች? እናቶቹ ይመልሳሉ፤ ዶሮ አየች፣ የነጠላዬን ጥለት አየች፣ አባቷ ሲገባ ሳይናገር አወቀችው። እሱ ራሱን ነቅንቆ ወደ ሥራው ይመለሳል። ሰላምታው መስሎኝ ነበር።

ማርታ የመጣችው ጋሽ ወንድሙ ጡረታ ሊወጣ ሲል ነው። ገና አራስ ናት፤ ሁለቱም ዓይኖቿ ትናንሽና ነጫጭ፣ የቀኟ ከግራዋ ያነሰች። እናቷ ብርቅነሽ ትባላለች፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ልብስ ትሰፋለች። አባቷ በጋሻው የመናኸሪያ ባጃጅ ነጂ ነው። ሐኪሟ ዶክተር ሶስና ነበረች። ጥሩ እጅ አላት፤ ወሬ አታበዛም። ለወላጆቹ የነገረቻቸውን በሲዳምኛ ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ምን እንደተባለ አውቃለሁ። ብንዘገይ ዓይኗ ማየት ሳትማር ትቀራለች፣ ብንቸኩል ደግሞ በኋላ ዓይኗ ውስጥ ግፊት ሊመጣባት ይችላል፤ ግፊቱ በወር ሊመጣ ይችላል፣ በአሥር ዓመትም ሊመጣ ይችላል፤ አያምም፣ ነርቩን ግን ቀስ እያለ ይበላል፣ የበላውን አይመልስም። ስለዚህ መነፅሩ አይወልቅም፣ ቀጠሮው አይቋረጥም፣ እስከ ዕድሜ ልክ። ብርቅነሽ እሺ አለች። በዚያን ሰዓት የትኛዋ እናት እሺ አትልም?

ኦፕራሲዮኑ ተደረገ። ፋሻው ተፈታ፣ ተጨበጨበ። መነፅሯን እኔ ሠራሁ፣ ጋሽ ወንድሙ ጉንጩ ላይ ሞክሮ አደረገላት። ልጅቷ እግሯን ማወራጨት ተወች። ከዚያ ቆሎ የያዘውን እጁን ተከትላ ዓይኗን አዞረች። በዚህ ሥራ ከዚህ የበለጠ ነገር አላየሁም፤ ከዚህ የበለጠ አለ የሚለኝ ካለም አላምነውም።

ከጥቂት ቀን በኋላ በጋሻው መነፅሩን ይዞ ገባ። ቤት ውስጥ ዓይኑ ላይ አድርጎ ሞክሮት ኖሯል፤ የታየው ጉም ብቻ ነው። ይሄ ነገር ልጄን ሊያሳውርብኝ ነው አለ። እኔ ልቆጣው ስል ጋሽ ወንድሙ ቀደመኝ።

«ጫማህን ብታጫማት ትሄዳለች?»

«አትሄድም።»

«የእሷንስ አንተ ብታጠልቀው?»

በጋሻው እግሩን አየና ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ለቀጠሮ በባጃጁ ራሱ ያመጣት ነበር፤ የጧት ገበያውን ትቶ።

እንዲህ እያለ አራት ዓመት ሆናት። መነፅሩን በየጊዜው እየቀየርን፣ ግፊቷ እየተለካ። ትሮጣለች፣ ትሳደባለች፣ ጺሜን ትጎትታለች። አንድ ቀጠሮ ቀረች፤ ታመው ይሆናል አልን። ሁለተኛውንም ቀረች። ሦስተኛውን ስትቀር ሰው ጠየቅሁ፣ ነገሩን ሰማሁ።

እኔም ጴንጤ ነኝ፣ እነብርቅነሽም የዚያው ጉባኤያችን ሰዎች ናቸው። እሑድ ከዝማሬ በኋላ ምስክርነት ያለው ሰው መድረክ ይወጣል። እኔ ሰኞ የሚረከቡኝ ሥራ ነበረብኝና ያን እሑድ አልነበርኩም። ብርቅነሽ ልጇን ይዛ ወጥታ፣ ዓይነ ስውር ሆና የተወለደችውን ጌታ አበራልኝ ብላ መሰከረች። ሕዝቡ በእልልታና በሃሌ ሉያ ተነሣ። ማርታ መሐል ላይ መነፅሯን አድርጋ ቆማለች። ያን ጊዜ ከፊት ወንበር አንዲት ሴት፣ በክፋት አይደለም፣ ታዲያ ይሄ ምንድን ነው ብላ በእጇ የልጅቷን መነፅር አመለከተች። ብርቅነሽ መነፅሩን አወለቀችና በቦርሳዋ ከተተችው። ሃሌ ሉያው ካለፈው በረታ።

በእኛ ዘንድ የመሰከሩትን ወደ ኋላ መመለስ የለም። ድናለች ብሎ መስክሮ ሰኞ ሐኪም ቤት መሰለፍ፣ እግዜርን ጥርጣሬ ውስጥ መክተት ነው። ይህን ሕግ የጻፈው ሰው የለም፤ ሁሉም ግን ያውቀዋል።

ቤቷ ሄድኩ። ስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች፤ ማርታ ጓሮ ትጫወታለች፣ ግቢውን በልቧ ስለምታውቀው ለሚያያት ምንም የጎደላት አትመስልም። ብርቅነሽ ወንበር ሰጠችኝ፣ ተቀመጡ አለችኝ፣ አልተቀመጥኩም።

«ጋሼ፣ ለብቻዋ ሱቅ ትሄድልኛለች እኮ። አልዳነችም ይሉኛል?»

«ሱቁን በእግሯ ለምዳው ነው። መነፅሩን አምጪው።»

«በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ድናለች ብያለሁ። አሁን መልሼ ባደርግላት ማንን ነው ውሸታም ያደረግሁት?»

«ራስሽን።»

ፊቷ ጠቆረ። መርፌዋን ሰክታ ተነሣችና በሩን ከፍታ ያዘችልኝ። ለመጋቢውም ነገርኩት፤ አነጋግራታለሁ አለ፣ አነጋገራትም፤ እኔ አውልቂ አላልኩሽም አላት። እውነቱን ነው። ማንም አውልቂ አላላትም። የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው፤ አንገቱን የማንቀው ሰው አጣሁ። በጋሻውን መናኸሪያ ድረስ ፈልጌ አገኘሁት። አንገቱን ደፍቶ፣ ቤቴን እንዳፈርስ ነው የምትፈልጉት አለኝ።

ጋሽ ወንድሙ ያኔ ጡረታ ወጥቶ ቢሆንም አልፎ አልፎ ክፍላችን እየመጣ ይቀመጥ ነበር። የሆነውን ስነግረው ቆሎውን ማኘክ አቆመ።

«ጠርዙ ያልተሞረደ ሌንስ ለልጅ ይሰጣል?»

«አይሰጥም።»

«ታዲያ ቃልህን ለምን ሳትሞርድ ሰጠሃት?»

እኔ ዛሬም ያልኩት ልክ ነበር እላለሁ። እሱም ልክ አይደለም አላለኝም። በሚቀጥለው ሳምንት በትሩን ይዞ ራሱ ሄደ። ብርቅነሽ እግሩን አጠበችው፣ ምሳ አበላችው፣ መነፅሩን ግን አላወጣችም። ሲመለስ ደክሞት ነበር። ዛሬ ምን አየች ብዬ ብጠይቃት ፊቷን ወደ ስፌት መኪናዋ አዞረች፣ አለኝ። ይህን ብቻ ነገረኝ። በዚያው ዓመት ጋሽ ወንድሙ ሞተ።

ማርታ የተመለሰችው ትምህርት ቤት ስትገባ ነው። አስተማሪዋ ሰሌዳውን በእጇ ስትዳብስ አግኝታት፣ ሐኪም ጋ ሳትሄድ ክፍል አላስገባትም ብላ አባረረቻት። ያቺን አስተማሪ አላውቃትም፤ ባገኛት እጇን እስማለሁ። ዶክተር ሶስና ብዙ ሰዓት መረመረቻት። ግፊቱ መጥቷል። የቀኟ ዓይን ነርቭ አልቋል፣ መብራት ሲበራባት እንኳ አታውቅም። ግራዋ ግማሽ ተበልታ የቀረው ቀርቷታል። ልጅቷ ሕመም ነግራቸው አታውቅም፤ አያማትም ነበራ። ብርቅነሽ አላለቀሰችም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ሳልቀር ብመጣ ኖሮ ትተርፍ ነበር?»

እኔ አዎ እንድትላት ነበር የፈለግሁት። እንዲቆጠቁጣት ፈልጌ ነበር፤ አልደብቅም።

«አላውቅም» አለች ዶክተር ሶስና። «አንድም ቀን ሳይቀሩ መጥተው የጠፋባቸው ልጆች አሉኝ። እንዲህ ያለች ትንሽ ዓይን እንደዚያ ናት። ግን ብትመጪ ኖሮ ሲጀምር እናየው ነበር። ያየነውን እንታገለዋለን።»

ለግራዋ ጠብታ ታዘዘ፣ በኋላም ለግፊቱ ሌላ ኦፕራሲዮን ተደረገላት። ፋሻው ሲፈታ ካሜራ የያዘ አልመጣም። ከቦርሳ የወጣው የድሮ መነፅር ጠቧታል፣ ሌንሱም ተጭሯል፤ አዲስ ሠራሁ። ጉንጬ ላይ ሞክሬ አደረግሁላት። በአንዱ ወገን ሌንሱ ለምንም አይጠቅማትም፤ ግን ፍሬሙ ሚዛን እንዲጠብቅና ፊቷ እንዳይጣመም በዚያም አደረግሁበት። ብርቅነሽ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀጠሮ ቀርታ አታውቅም። ጉባኤ ግን እሷ ቀረች፤ ልጅቷን አባቷ ያመጣታል። ስለ እሷ ማንም ክፉ አልተናገረም፤ ደግም አልተናገረም።

እኔ ሥራዬን ቀጠልኩ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሌንስ የሚቆርጥ ማሽን መጣ፤ ከእኔ የተሻለ ይሞርዳል፣ እጁ አይንቀጠቀጥም። የሚሠራበት ወጣትም ጎበዝ ነው። ሌንሱን ጉንጩ ላይ አይሞክርም እንጂ።

ልወጣ ስል ነው፣ አንድ እሑድ የልጆች ፕሮግራም ሆነ። ማርታ ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። ቃል እንድታነብ ተመድባለች አሉ። መድረክ ወጣች። መነፅሯ ወፍራም ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት ዓይኗን የዕንቁላል ያህል ያደርገዋል። መጽሐፉን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ፣ ጭንቅላቷን በመስመሩ ላይ እየነዳች ማንበብ ጀመረች። ቀስ ትላለች። ሰው መቁነጥነጥ ያዘ፣ አንዱ አሳለ። እሷ አልቸኮለችም፤ እስከ መጨረሻው አነበበችና መጽሐፉን ዘጋች። መውረድ ነበረባት፣ አልወረደችም።

«ያነበብኩት በዚህ መነፅር ነው። ሲወልቅብኝ ሃሌ ሉያ ብላችሁ ነበር። በዚህኛው ዓይኔ አላይም። መነፅር ያላት ሕፃን ካላችሁ አታውልቁባት። ጌታ አይቀየምም።»

አሜን ያለ የለም። ከበሩ አጠገብ ከኋለኛው ወንበር አንዲት ሴት ብድግ አለች። ብርቅነሽ ነበረች፤ መምጣቷን አላየሁም። ልጇ ከመድረክ ወርዳ እሷ ጋ እስክትደርስ ድረስ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቆማ ጠበቀቻት። ያቺ ያኔ በእጇ ያመለከተችው ሴት ደግሞ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ስትወስድ አየኋት። እኔ እንኳ ተቆጥቼ የኖርኩባትን ሴት ከዚያ ወዲያ ሰላም እላታለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ከሀገረ ሰላም በኩል የመጣች እናት ሕፃኗን ታቅፋ ክፍሌ ገባች። መነፅሩን ሣጥን ውስጥ ቆልፋበት ነበር። ማን ላከሽ ብላት አንዲት ልጅ አለችኝ።

አሁን ጡረተኛ ነኝ። ማርታ ፍሬሟ ሲላላ ማሽኑ ጋ አትሄድም፣ እኔ ቤት ትመጣለች። ሞረድና አሸዋዬ ቤት ነው፤ ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም አልመለስኩም። ባለፈው ሳምንት ላስቲኳን ሳጠብቅላት ጠየቀችኝ።

«ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ይቺ ዓይኔ እስከ መቼ ናት?»

እኔ ለማንም ቃል ሞርጄ አላውቅም። ግን ምን ልበላት? እስከ መቼ እንደሆነ ዶክተር ሶስናም አታውቅም።

«አላውቅም። ሐሙስ ቀጠሮሽ ነው። አብሬሽ እሄዳለሁ።»

ሐሙስ ሄድን። አባቷ ባጃጁን ይዞ ደጄ ቆመ፣ ብርቅነሽ ከፊቴ፣ ማርታ ከጎኔ ገባች። መንገዱ ተዘጋግቶ ቆምን። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ አፌ ላይ መጣና ጠየቅኋት።

«ዛሬ ምን አየሽ?»

አንገቷን አጣምማ በግራዋ ዓይን ወደ ላይ ብዙ አየች።

«እዚያ የመብራት እንጨት ላይ አባ ኮዳ ቆሟል። ጭንቅላቱ እንደ እርስዎ መላጣ ነው።»

በጋሻው መሪውን እየመታ ሳቀ። ብርቅነሽ ልጇን ልትቆጣ ጀምራ እሷም ሳቀች። እኔ ቀና ብዬ አየሁ። ትልቁ ወፍ ቆሟል፤ መላጣም ነው።

ግፊቷ ተለካ፣ ልክ ነው ተባለ። ለሦስት ወር ቀጠሯት።